ስለ ቅብጥብጥ ሕፃናትና ስለ «ተፈጥሯዊ» መፍትሔዎች፤ የፋይንጎልድን መጽሐፍ መነሻ ያደረገ ሂስ

1. መግቢያ

በማናቸውም የአጸደ ሕፃናት ወይም የአንደኛ ክፍል ውስጥ መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን የሚያውቀው አንድ ልጅ አይታጣም። ስሙ ቶሎ የሚታወቀው በቀን ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሞ ስለሚጠራ ነው። ከመቀመጫው ይነሣል፤ የጎረቤቱን እርሳስ ይነጥቃል፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይጮኻል፤ ተራ መጠበቅ አይሆንለትም፤ የጀመረውን ሳይፈጽም ወደ ሌላው ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ልጅ እንደ ቤተሰቡና እንደ መምህሩ ጠባይ አንዱ «ቀበጥ»፣ ሌላው «ባለጌ»፣ ሦስተኛው «ዐይነ ጥላ ያደረበት» ይለዋል። የሚታዘዝለትም እንደ ስያሜው ይለያያል፤ ለቀበጡ ተግሣጽ፣ ለባለጌው አርጩሜ፣ ለሦስተኛው ጠበል።

ሐኪሞች በበኩላቸው እነዚህ ምልክቶች ከዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ሆነው ሲገኙ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታዩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ሲቆዩና የልጁን ኑሮና ትምህርት ሲያውኩ፣ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይሉታል። በዘመናችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ምክር በሰፊው ይሰማል። ይኸውም ልጁ ያለ ኪኒን፣ በምግብ፣ በዘይት፣ በቅጠላ ቅጠልና በመሳሰለው «ተፈጥሯዊ» መንገድ ሊረጋ ይችላል የሚለው ነው። ምክሩ ለወላጅ ጆሮ ይጥማል፤ ለሕፃን ልጅ መድኃኒት መስጠት ማንንም ያስጨንቃልና። ይሁን እንጂ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል የአንድን ነገር ምንጭ ይነግረናል እንጂ የሚሠራ መሆኑን አይነግረንም።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ምክሮች ሁሉ እጅግ የታወቀውን፣ የአሜሪካዊውን ሐኪም የቤንጃሚን ፋይንጎልድን መጽሐፍ መነሻ አድርጎ፣ የትኞቹ ዘዴዎች የሙከራን ሚዛን እንዳለፉና የትኞቹ እንደ ወደቁ ይመረምራል። መጽሐፉ የተመረጠው አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ስላለውና በዚህ ዘመን ውስጥ ደጋግሞ ስለተፈተነ፣ አንድ መልካም የሚመስል ምክር እንዴት መመርመር እንዳለበት ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. መጽሐፉና ሐሳቡ

ፋይንጎልድ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በካይዘር ፐርማኔንቴ የሕክምና ድርጅት የአለርጂ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እንደሚተርኩት፣ ሐሳቡ የመጣላቸው በ1965 ብርቱ ሽፍታ ያሠቃያት አንዲት ሴት ለሕክምና በመጣች ጊዜ ነው። ከአስፕሪን ጋር ዝምድና ያለውን ሳሊሲሌት የተባለ ንጥረ ነገርና ሰው ሠራሽ ቅመሞችን ከምግቧ እንድታስወግድ አዘዟት። ሽፍታው ጠፋ። ከዚህም ሌላ ያልታሰበ ለውጥ ታየ፤ በአእምሮ ሐኪም ክትትል ሥር የነበረችው ይህች ሴት ጠበኛነቷ በረደ። ፋይንጎልድ ከዚህ ተነሥተው በቅብጥብጥ ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ አመጋገብ ሞከሩ፤ በ1973 ሐሳባቸውን ለአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ አቀረቡ፤ በ1975 ደግሞ «ልጅዎ ስለምን ይቅበጠበጣል?» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጡትን መጽሐፍ ለሕዝብ አበረከቱ።

የመጽሐፉ ትእዛዝ ግልጽ ነው። ሰው ሠራሽ ቀለምና ጣዕም ያለበት ምግብ ሁሉ ከቤት ይውጣ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሳሊሲሌት አለባቸው የተባሉት ብርቱካን፣ ፖም፣ ወይን፣ ቲማቲምና ኪያር ይቅሩ። ልጁ ብቻውን እንዳይለይ መላው ቤተሰብ አንድ ዓይነት ምግብ ይብላ፤ እናት የልጁን ምግብና ጠባይ በየቀኑ ትመዝግብ። ደራሲው ከታካሚዎቻቸው መካከል ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት እንደ ተሻላቸው ገልጸዋል። መጽሐፉ በአሜሪካ በብዙ ሺህ ቤተሰብ ተነበበ፤ በ1976 ሐሳቡን የሚያስፋፋ የወላጆች ማኅበር ተቋቋመ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለ። ደራሲው ቅብጥብጥ ልጅን ባለጌ ብለው አልሰደቡትም፤ እናቱንም አልኮነኑም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የልጁን ጠባይ በእናቲቱ የአስተዳደግ ጉድለት ያመካኝ ስለነበረ፣ ጥፋቱን ከእናት አንሥቶ በምግብ ፋብሪካው ላይ መጣሉ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል። የመጽሐፉ ድካም የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ያቀረበው ማስረጃ የሐኪሙና የወላጆች ምስክርነት ብቻ ነው። ተመሳሳይ ልጆች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ምግቡን ሲለውጥ ሌላው ሳይለውጥ አልታየም። መስካሪዎቹም ልጁ አዲሱን ምግብ መጀመሩን የሚያውቁ፣ እንዲሻለውም የሚመኙ ሰዎች ነበሩ።

3. መጽሐፉ በሙከራ ሚዛን ላይ

ሐሳቡ ብዙ ሰው ስለ ሳበ ተመራማሪዎች ችላ ሊሉት አልቻሉም። በ1976 ኮነርስና ጓደኞቹ በ15 ልጆች ላይ ሁለት ዓይነት አመጋገብ በማፈራረቅ ሞከሩ። ውጤቱ ድብልቅልቅ ያለ ነበር፤ መምህራን መሻሻል አየን ሲሉ፣ የወላጆች ምስክርነት ግን ይህን ያህል ግልጽ አልሆነም።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የተደረገበት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ1978 የታተመው የሃርሊና የጓደኞቹ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰ 36 ወንዶች ልጆችንና ለትምህርት ያልደረሱ 10 ሕፃናትን መረጡ። ለመላው ቤተሰብ የሚበቃውን ምግብ ራሳቸው በየጊዜው ያቀርቡ ስለነበረ፣ የፋይንጎልድ ምግብ የትኛው፣ ማነጻጸሪያው የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም ነበር። በክፍል ውስጥ ተቀምጠው የልጆቹን እንቅስቃሴ የሚቆጥሩት ታዛቢዎችም እንዲሁ አያውቁም። በትልልቆቹ ልጆች ላይ በክፍል የተደረገው ቆጠራና የትኩረት ፈተናው የምግቡን ጥቅም አላሳዩም። በሕፃናቱ ላይ ግን የአሥሩም እናቶች ልጃቸው እንደ ተሻለው መሰከሩ፤ በታዛቢዎች የተደረገው ምዝገባ ደግሞ ይህን ምስክርነት አልደገፈም። በ1983 ካቫሌና ፎርነስ 23 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ የአመጋገቡ ውጤት እጅግ አነስተኛ ሆኖ አገኙት።

የአሥሩ እናቶች ጉዳይ በችኮላ ሊታለፍ አይገባም። ከታዛቢዎቹ ቆጠራ ያመለጠ ነገር በቤት ውስጥ አይተው ይሆናል፤ የልጁን ጠባይ ከእናቱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ወይም ደግሞ ተስፋቸው ዐይናቸውን መርቶት ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በምስክርነት ብቻ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ሙከራ አስፈለገ።

4. ስኳርና የእናት ዐይን

«ጣፋጭ ነው ያቅበጠበጠው» የሚለው አባባል ከፋይንጎልድ ትምህርት ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ ዛሬ በየልደቱ ግብዣ ይሰማል። በ1994 ዎልራይክና ጓደኞቹ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆነ 25 ሕፃናትንና ወላጆቻቸው «ስኳር ይረብሻቸዋል» ያሏቸውን 23 የትምህርት ቤት ልጆች መርጠው፣ እያንዳንዳቸው ለሦስት ሦስት ሳምንት በሚቆዩ የተለያዩ አመጋገቦች ሞከሩ፤ አንዱ አመጋገብ ስኳር የበዛበት፣ ሌሎቹ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ያለባቸው ነበሩ። በልጆቹ ጠባይም ሆነ በትምህርት ችሎታቸው ላይ ለስኳር ሊሰጥ የሚችል ልዩነት አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ሁቨርና ሚሊች የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ለመምህራን ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን፣ እናቶቻቸው ስኳር ያሳብዳቸዋል ያሏቸውን ወንዶች ልጆች ሰበሰቡ። ልጆቹ በሙሉ የጠጡት ስኳር የሌለበት መጠጥ ነበር። ከእናቶቹ ለከፊሎቹ ግን ልጃቸው ብዙ ስኳር እንደ ጠጣ ተነገራቸው። ይህ የተነገራቸው እናቶች ልጃቸውን ይበልጥ ቅብጥብጥ ነው ብለው መዘኑት፤ ወደ እርሱ ቀረብ ብለው ሲጠብቁት፣ ሲነቅፉትና ሲቆጣጠሩትም ታዩ። እንግዲህ የተለወጠው በልጁ ሆድ ውስጥ ያለው ሳይሆን በእናቱ ልብ ውስጥ ያለው ነው፤ በልብ ያለውም ወደ እጅና ወደ አንደበት ወረደ።

መምህሩ ይህን ሙከራ ለራሱ መስተዋት ሊያደርገው ይገባል። «ይህ ልጅ ረባሽ ነው» ተብሎ ከባለፈው ዓመት መምህር የተላለፈ ቃል፣ ለእናቶቹ እንደ ተነገረው የስኳር ወሬ ሆኖ ሊሠራ ይችላል።

5. ከክርክሩ የተረፈው

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የፋይንጎልድ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነበር ማለት አይቻልም። በ2007 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት 153 የሦስት ዓመት ሕፃናትንና 144 የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን አካቷል። ልጆቹ ሰው ሠራሽ ቀለሞችና ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለው የምግብ ማቆያ የተቀላቀለበት ወይም ያልተቀላቀለበት መጠጥ ማንም የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ተሰጣቸው። በጠቅላላው ሲታይ ቅልቅሉ ቅብጥብጥነትን በጥቂቱ ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን ከልጅ ልጅ በእጅጉ ይለያያል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ሐምሌ ወር ጀምሮ ስድስት የተወሰኑ ቀለሞች ያሉባቸው ምግቦች በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አዘዘ። በ2012 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ችግሩ ካለባቸው ልጆች 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከምግብ ቀለም ጋር የተያያዘ ምልክት ሊኖራቸው እንደሚችል ገምቷል።

እንግዲህ ቀለም የበዛበትን ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ለሕፃናት መቀነስ መልካም ነው፤ ለጥርሳቸውም ይበጃል፤ ምንም አይጎድልባቸውም። ፍራፍሬና ቲማቲም መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። ምግቡ ዓይነቱ ጥቂት በሆነ ልጅ ላይ ይህን ማድረግ ያለ በቂ ምክንያት ከጥቂቱ ላይ መቀነስ ነው። በተጨማሪም በ2007 ከልዩ ልዩ አህጉር 102 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ችግሩ በዓለም ልጆች ላይ 5 በመቶ ገደማ መሆኑንና የአገር ለአገር ልዩነቱ በአብዛኛው ከአጠናን ዘዴ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። የፋብሪካ ምግብ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ሰፊ በሆነ ነበር። በመንታ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ለችግሩ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የዘር ውርስ መሆኑን ያስረዳሉ።

ስለ ሌሎቹ «ተፈጥሯዊ» ነገሮች በአጭሩ እንለፍ። የዓሣ ዘይት በተደጋጋሚ ተሞክሮ ውጤቱ ቢበዛ አነስተኛ መሆኑ ታውቋል። የብረት ማዕድን ማነስ ትኩረትን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ ስለሆነም ደም ያነሰው ልጅ በጤና ጣቢያ ተመርምሮ መታከም አለበት፤ ያላነሰውን ልጅ ግን ብረት ማስዋጥ ሊጎዳው ይችላል። ቅጠላ ቅጠልን በሚመለከት፣ ለሕፃን የሚሆን ልክ ያልተወሰነለትን ነገር ከአፈር ስለ በቀለ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

6. ሚዛኑን የተሻለ የሚያልፉት

ከምግብ ወጥተን ወደ ልጁ ቀን ስንመጣ ግን ማስረጃው እየጠነከረ ይሄዳል።

መጀመሪያው እንቅልፍ ነው። በ2012 ግሩበርና ጓደኞቿ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 11 ዓመት በሆነ 34 ጤነኛ ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሌሊት በአማካይ 27 ደቂቃ ያህል ብቻ የተጨመረላቸው ልጆች በመምህራን ምዘና የተረጋጉና ንቁ ሆነው ሲገኙ፣ የተቀነሰባቸው ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሱ። መምህራኑ የትኛው ልጅ እንደ ተጨመረለት አያውቁም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኛ፣ ቢያንስ ለ180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ በስክሪን ፊት የሚቀመጥበትም ጊዜ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። በ2015 በታተመ የሆዛና የጓደኞቿ ጥናት 202 የመጀመሪያ ደረጃ ትንንሽ ልጆች ለ12 ሳምንት፣ በየቀኑ ከትምህርት በፊት ለ31 ደቂቃ ከፊሎቹ እየሮጡ ሲጫወቱ፣ ከፊሎቹ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚሠራ ሥራ ሠሩ። በሁለቱም ወገን መሻሻል ታየ፤ የሮጡት ግን በትኩረት ማነስና በስሜት ረገድ የተሻለ ለውጥ አሳዩ። በእረፍት ጊዜ ከጨዋታ በመከልከል ቅብጥብጡን ልጅ የሚቀጣ መምህር፣ የሚበጀውን ነገር እየነፈገው መሆኑን ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ሦስተኛውና ዋናው የዐዋቂዎች አኳኋን ነው። በ1968 በአሜሪካ በአንድ የአንደኛ ክፍል ውስጥ በተደረገ ሙከራ፣ መምህራኑ «ቁጭ በሉ» የሚለውን ትእዛዝ ባበዙ ቁጥር ከመቀመጫቸው የሚነሡት ልጆች በዙ፤ ተቀምጠው የሚሠሩትን ማመስገን ሲጀምሩ ግን የሚነሡት ቀነሱ። ምስጢሩ ግልጽ ነው። ልጅ የዐዋቂን ዐይን ይሻል፤ በመልካም ሥራው ካላገኘው በረብሻው ይፈልገዋል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1969፣ ባሪሽ፣ ሳውንደርስና ዎልፍ ያሳተሙት ጨዋታ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ክፍል ሥርዓት ለወጠው። ክፍሉ በቡድን ይከፈላል፤ ሕጉ ለሁሉም ይነገራል፤ ሕግ በተጣሰ ቁጥር በቡድኑ ስም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ ከተወሰነው ቁጥር ያላለፈበት ቡድን ሁሉ ያሸንፋል፤ ሽልማቱም ቀድሞ መሰለፍ ወይም ነፃ የጨዋታ ጊዜ ነው። በ1985 እና በ1986 በባልቲሞር ከተማ በአንደኛ ክፍል በሰፊው የተሞከረው ይህ ዘዴ የሚያስፈልገው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይሻል፤ ቡድኑ በአንድ ልጅ ላይ ተነሥቶ እንዳያሳድደው መምህሩ መጠበቅ አለበት።

በቤት በኩልም ወላጆችን ማሠልጠን በ2001 በእንግሊዝ አገር በ78 የሦስት ዓመት ሕፃናት ላይ ተፈትኗል። ለስምንት ሳምንት በየቤታቸው እየተጎበኙ የሠለጠኑት እናቶች፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግን፣ መልካሙን ወዲያውኑ ማመስገንን፣ ትንሹን ጥፋት አይቶ እንዳላዩ ማለፍንና ቀኑን በተወሰነ ሥርዓት መምራትን ተማሩ። ከልጆቻቸው 53 በመቶው ጉልህ መሻሻል አሳዩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2019 ባደሰው መመሪያ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ይህ ዓይነት የወላጆች ሥልጠናና የክፍል አያያዝ እንደሆነ፣ መድኃኒት የሚታሰበው ይህ ካልበቃ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል።

ነገር ግን ፋይንጎልድን የመዘንበት ሚዛን የወደድነውንም መመዘን አለበት። በ2013 የታተመ አንድ ታላቅ ግምገማ፣ ምዘናው የሥልጠናውን መሰጠት በማያውቁ ሰዎች ሲደረግ የወላጆች ሥልጠና በትኩረት ማነሱና በመቅበጥበጡ ላይ ያለው ውጤት ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አሳይቷል። በ2014 የተከተለው ሌላ ግምገማ ግን፣ በዚሁ ጥብቅ ሚዛን እንኳ የወላጆች አያያዝ እንደሚሻሻልና የልጁ እልኸኝነትና ጥፋት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ይህ ውጤት በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። ዘዴው የልጁን ትኩረት የሚፈውስ አይደለም። ከትኩረት ማነሱ ላይ የሚደረበውን ሁለተኛ ጉዳት፣ ማለትም ዱላውን፣ ጥላቻውን፣ «አይረባም» መባሉንና ይህም የሚወልደውን እልህ የሚከላከል ነው። በአምስት ዓመት ልጅ ሕይወት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

7. ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ከላይ የተዘረዘረው አብዛኛው በሌላ አገር የተሠራ ስለሆነ፣ እንዳለ ወስደን በአገራችን ክፍል እንትከለው አንልም። በመጀመሪያ ደረጃ ለአንድ ክፍል የተወሰነው መለኪያ 50 ተማሪ ሲሆን፣ ከዚህም በላይ የሚያስተምሩ መምህራን ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለው ክፍል ለአንድ ልጅ የተለየ ዕቅድ አውጣ ማለት ቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፣ ሥራውን ቆራርጦ መስጠት፣ ሰሌዳ እንዲያጠፋና ደብተር እንዲያድል መላክ፣ በየመሐሉ ክፍሉን በሙሉ አስነሥቶ ማዘመርና ማንቀሳቀስ የተማሪ ብዛት አይከለክለውም።

በዚህ ረገድ ከራሳችን ትውፊት የምንማረው አለ። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩት በዛፍ ጥላ ሥር፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እየተወዛወዙ ነበር፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ እያንዳንዱም በተራው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይሰማል። አካሉ ለሚቁነጠነጥ ልጅ ይህ ዝም ብሎ ከመቀመጥ የሚቀል ይመስለናል። በዚያው ትምህርት ቤት የነበረው ኩርኩምና አለንጋ ግን ከትውፊቱ ጋር አብሮ ሊወደስ አይገባም። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መታገሥ የማይችለውን ልጅ ባለመታገሡ መምታት ከሕጉም ከጥናቱም ጋር ይጋጫል።

የዕድሜ ጉዳይም ትልቅ ነው። በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የመግቢያ ዕድሜ በመስከረም 1 ቀን በሚቆረጥባቸው ግዛቶች፣ በነሐሴ የተወለዱት የክፍሉ ታናናሾች ከ10,000 ልጆች 85.1 ያህሉ የችግሩ ስያሜ ሲሰጣቸው፣ በመስከረም ከተወለዱት ታላላቆች የተሰጣቸው 63.6 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ታናሽነት እንደ በሽታ ተቆጥሯል ማለት ነው። በአገራችን የአንደኛ ክፍል መግቢያ 7 ዓመት ቢሆንም፣ የልደት ምዝገባ ባልተሟላበት ቦታ የልጁ ዕድሜ በግምት ይወሰናል። ስለሆነም መምህሩ «ይህ ልጅ ቅብጥብጥ ነው» ከማለቱ በፊት «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቀጥሎም ይሰማል ወይ፣ ያያል ወይ፣ ቁርስ በልቷል ወይ፣ ሌሊት ተኝቷል ወይ ይበል። ጆሮው የሚመግል ልጅ ትእዛዝ ባለመስማቱ፣ ለሰከንዶች ፈዝዞ የሚመለስ የሚጥል በሽታ ያለበትም ልጅ ባለማተኮሩ ሲቀጣ ይገኛልና። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ችግሩ ከቀጠለ፣ ልጁ ወደ ጤና ተቋም መላክ አለበት እንጂ በ«ተፈጥሯዊ» ምክር ስም ሊዘገይ አይገባም።

ለዕቅድ አውጪዎችም የምናሳስበው አለ። የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲስፋፋ የጨዋታ ሜዳ እንደ ትርፍ ቦታ ተቆጥሮ ለተጨማሪ ክፍል ግንባታ እንዳይወሰድ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ የክፍል አያያዝ በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር እንዲሰጥ፣ የዐይንና የጆሮ ምርመራም ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ እንዲደረግ ያስፈልጋል። እነዚህ የዓሣ ዘይት ከመግዛት ያነሰ ዝና ያላቸው፣ ነገር ግን የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሥራዎች ናቸው።

8. ማጠቃለያ

ፋይንጎልድ በ1982 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መጽሐፋቸው ስለ ምግብ ካለው ይልቅ፣ ሳያስበው ያመጣው ሌላ ለውጥ ሳይጠቅም አልቀረም ብለን እንገምታለን። ትእዛዙን የተቀበለ ቤተሰብ አብሮ ይበላ ነበር፤ እናት ልጇን በየቀኑ ታስተውል ነበር፤ ልጁም ጥፋተኛ መባሉ ቀርቶ የሚታገዝ ልጅ ሆኖ ነበር። ይህን ለማግኘት ግን ቲማቲምና ብርቱካን መከልከል አያስፈልግም።

«ተፈጥሯዊ» የሚባል ምክር ወደ ትምህርት ቤታችን በመጣ ቁጥር ሦስት ጥያቄ እናቅርብለት። ማን መዘነው፤ መዛኙስ የሚጠበቀውን ውጤት አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ? ለልጁ ምን ይሰጠዋል፤ ምንስ ይነሣዋል? ሸክሙስ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? በእነዚህ ጥያቄዎች ሲፈተኑ በሳህን ላይ የሚቀመጡት መፍትሔዎች ሲቀልሉ፣ የተሻለ ክብደት የሚኖራቸው እንቅልፍ፣ ጨዋታ፣ የተወሰነ የቀን ሥርዓትና የማይቸኩል ዐዋቂ ናቸው። ከእነዚህም የመጨረሻው በገበያ አይገኝም፤ በመምህሩና በወላጁ እጅ ያለ ነው። ስሙ በቀን ሃያ ጊዜ ለተግሣጽ የሚጠራው ያ ልጅ፣ ነገ አንድ ጊዜ እንኳ ለምስጋና ቢጠራ፣ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።